ከነልጆችና ከነውሻ ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ስትገቡ

ዕቃችን ከአይሱዙው ላይ ሲወርድ አከራያችን በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አልጋው ገባ፣ ፍሪጁ ገባ፣ ቁም ሣጥኑ በአራት ሰው ትከሻ ገባ። በመጨረሻ ውሻችን ዳማ ከመኪናችን የኋላ ወንበር ዘላ ወረደች፤ ትንሿ ልጄም የዳማን ምንጣፍ ታቅፋ በቀጥታ ወደ ሳሎን አለፈች። «ውስጥ ነው እንዴ የምታድረው?» አሉ ሰውየው፣ ድምፃቸው ቀዝቅዞ። በስልክ «ውሻ አለን» ስንላቸው «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ለሌባም ጥሩ ነው» ብለውን ነበር። አልዋሹንም። እሳቸው ውሻ ሲባል የታያቸው በር ሥር በሰንሰለት ታስሮ የሚያድር ዘበኛ ነው። እኛ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ያደገችውን፣ ሶፋ ሥር የምትተኛውን ዳማን ነበር ያልነው። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና አይሱዙ ተከራየን።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚዛወሩና ውሻቸውን ጥለው መምጣት ለማይፈልጉ ቤተሰቦች ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ትምህርት ቤት ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ቤት፣ ውሻው ትዝ የሚለው ዕቃ ሲጫን ነው። እኔ ተገልብጦ ይጀመር ባይ ነኝ። ትምህርት ቤት ይቀየራል፣ ሥራ ቦታም በባጃጅ ይደረሳል። ግቢው ለውሻው ካልሆነ ግን አከራዩም ጎረቤቱም ፊት ይነሷችኋል፤ በወሎ ደግሞ ያለ ጎረቤት መኖር የማይሆን ነገር ነው።

1. ከሁለቱ የትኛው ከተማ?

ምርጫ ካላችሁ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመሃላቸው ያለውን የሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ ወጥቶ መውረድ ብቻ። አየራቸው ግን አይገናኝም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ፋብሪካዎቹና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉት ኮምቦልቻ ስለሆነ ደሴ እያደሩ የሚመላለሱ ብዙዎች ናቸው። በበጋ ምንም አይልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሐረጎን ጉም ሲሸፍነው ግን ከፊት ያለውን መኪና የምታዩት በመብራቱ ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው ይህን ያስብበት።

ለውሻው ስትሉ ፀጉሩን እዩ። ፀጉረ ረጅም፣ የጀርመን ሼፐርድ ዘር ያለበት ከሆነ ደሴ ገነቱ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ምላሱን አውጥቶ ጥላ ለጥላ ይዞራል። ፀጉረ አጭሩ ደግሞ በደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ማደር የለበትም። በሞቃቱ በኩል መዥገርና ቁንጫ ስለሚበዛ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው በየሳምንቱ የውሻውን ጆሮ፣ ብብትና የጣቶቹን መሃል ይፈትሽ። ለልጆቹ ደግሞ አጎበር፦ ኮምቦልቻ ወባ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ይህን የሚያስታውሰው አንዱ ልጅ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ነው።

የግቢው ነገርም ይለያያል። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ሰፋ ያለ ግቢ ማግኘት ይቀላል፤ በአንጻሩ ዋናው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚሄደውና ከዚያ የሚመለሰው ከባድ መኪናም ብዙ ነው። በር የሚያመልጥ ውሻ ካላችሁ ከአስፋልት ራቅ በሉ። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ግቢው በእርከን የተቆረጠ፣ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ከእናንተ አጥር እኩል የሆነ ቤት ያጋጥማችኋል። ውሻ እንዲህ ካለው አጥር ላይ ዘሎ ሰው ጣሪያ ላይ ሲቆም አይቻለሁ፤ የማን ውሻ እንደሆነ መግለጽ አላስፈለገኝም።

2. ከመነሳታችሁ ስድስት ሳምንት በፊት

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አዲስ አበባ እያላችሁ አስከትቡ፤ ማስረጃውንም ቀኑና ማኅተሙ በግልጽ የሚነበብ አድርጋችሁ ያዙ። ቡችላ ከሆነ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። የመጀመሪያ ክትባቱ ከሆነ ደግሞ መከላከያው እስኪጎለብት ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስድስት ሳምንት ያልኩት ለዚህ ነው። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን የውሻ በሽታዎች የሚከላከለውን ክትባት፣ የኮሶ መድኃኒቱንና የመዥገሩን መድኃኒት አብራችሁ ጨርሱ።

«እዚያ ደርሰን እናደርገዋለን» አትበሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፣ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት፤ ሙያው አገሩ ላይ አለ። ነገር ግን የየከተማው እንስሳት ክሊኒክ የዕለት ሥራ ከብት፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ ነው። ውሻ ይዛችሁ ስትገቡ ወረፋ ላይ በሬ ይዘው የቆሙት ገበሬ ከእግር እስከ ራሳችሁ ያዩአችኋል። ሐኪሙ ያክማል፤ ለውሻ ብቻ የሚሆነው ክትባት ግን ሁልጊዜ መደርደሪያው ላይ አይገኝም።

ሴት ውሻ ከሆነች ስለ ማምከን ከሐኪም ጋር ተነጋግሩ። ዳማን ሳናስመክን መጥተን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሦስት ሳምንት ያህል፣ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ይሰለፋል። ሌሊት ሲናከሱ የሚያድሩት እነሱ ናቸው፣ የምንወቀሰው እኛ።

የሰውን ወረቀት በአጭሩ፦ ከምትለቁበት ወረዳ የነዋሪነት መሸኛ፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ካርድ። ፋይዳ ከከተማ ጋር አይታሰርም፣ ባላችሁበት ይሠራል። ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ በዓመቱ መሃል አታንቀሳቅሱት፤ ፈተናው በየክልሉ የሚዘጋጅ ነው። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል መጽሐፉም እንደዚሁ ስለሚለያይ ልጁ የሚያውቀውን ምዕራፍ ሲደግም፣ የማያውቀውን ሲዘል ይከርማል። ከተቻለ በክረምት ግቡ፤ መስከረም ላይ ከሌላው ተማሪ እኩል ይጀምር።

3. ቤቱን በውሻው ዓይን እዩት

ለደላላው መጀመሪያ የምትነግሩት የክፍል ብዛት አይደለም፣ «ሙሉ ግቢ» የሚለውን ቃል ነው። አከራይ ፊት ለፊት፣ ተከራይ ከኋላ ያለበት ግቢ ርካሽ ነው፤ ግን ቧንቧው፣ መጸዳጃው፣ ልብስ ማስጫው ሁሉ የጋራ ነው፣ ውሻው በሁሉም መሃል ይመላለሳል። የታጠበ ነጠላ ላይ አንድ ጊዜ መዳፉን ካሳረፈ የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። የደላላውን ክፍያም ቤቱን ሳታዩ ቁረጡት።

አከራዩን ስታናግሩ «ውሻ አለን» ብላችሁ አትለፉ። ውስጥ ነው ውጭ የሚያድረው? ይታሰራል ይፈታል? ልጅ ይለምዳል? ቢቻል ውሻውን ይዛችሁ ሂዱና ይዩት፤ ካልሆነ ቪዲዮ ላኩ። ቀጥሎ የተስማማችሁትን ውል ላይ አስፍሩ፦ ውሻ መኖሩን፣ የት እንደሚያድር፣ ያበላሸውን ማን እንደሚያሠራ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ ክፍለ ከተማ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። የስድስት ወር ከፍለን በሁለተኛው ወር ለወጣነው ለእኛ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

አጥሩን ዙሩት፣ በእጃችሁ እየነካችሁ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት እዚህ አገር ተረት ብቻ አይደለም። ጅብ ሌሊት ወደ ከተማ ዳርቻ ይወርዳል፣ ቆሻሻ ይለቅማል፣ ውሻ ካገኘም ይወስዳል። የቆርቆሮው አጥር ሥሩ በዝናብ ተቦርቡሮ እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ክፍተት ካለ በድንጋይና በሲሚንቶ አስደፍኑ። የበሩ ሥር ውሻው ጭንቅላቱን የሚያሾልክበት ከሆነ ጣውላ ይመታበት፤ ጭንቅላት ካለፈ የቀረው ያልፋል።

ውሃውንም ጠይቁ፣ ከአከራዩ ይልቅ ጎረቤቱን። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት? ሮቶ አለ? ውሻ ያለበት ቤት ውሃ ይበላል፤ ግቢው በየቀኑ ካልታጠበ በሳምንቱ ሽታው ጎረቤት ይደርሳል።

4. መንገዱ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሕዝብ አውቶቡስ ላይ ውሻ ይዤ እገባለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ያለው አማራጭ የራስ መኪና ወይም ኮንትራት ሚኒባስ ነው፤ ለሾፌሩ ውሻ መኖሩን ሂሳብ ስትነጋገሩ ንገሩት፣ ጠዋት በር ላይ አይደለም። ዕቃ ላይ አስሮ ከአይሱዙ ኋላ መጫንን እርሱት፤ ፀሐዩም መንገጫገጩም ይገድለዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ደውላችሁ የጸጥታውን ሁኔታ ጠይቁ። መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ተከፍቶም ቢሆን ጉዞው በቀን ብቻ ይሁን።

ውሻው ከጉዞው ሦስት፣ አራት ሰዓት በፊት ጥቂት ይብላ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ። ደብረ ብርሃን ላይ አውርዳችሁ አንሸራሽሩት፣ ብርድ ስለሆነ ደስ ይለዋል። ከጣርማበር ዋሻ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው፤ ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1500 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። የልጆቹ ጆሮ ይደፈናል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዙላቸው፣ ማኘኩ ይከፍተዋል። ዳማ በዚያ ጥምዝምዝ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ፎጣና ውሃ ከዕቃ ሥር ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይኑር። ሸዋ ሮቢት ምሳ ለመብላት ስትወርዱ ውሻውን መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ አትሂዱ። በዚያ ሙቀት መስኮት ገርበብ ማለቱ አያድነውም፤ ተራ ገብታችሁ ብሉ። ከዚያ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ አልፎ ኮምቦልቻ ነው።

5. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ውሻው ከግቢ አይውጣ። ቤቱ የት እንደሆነ ገና አልገባውም፤ ካመለጠ የሚሄደው ወደማያውቀው አቅጣጫ ነው። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ይህ እንዳይጠፋ ብቻ አይደለም፤ በብዙ የአገራችን ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በተመረዘ ሥጋ የማስወገድ ልማድ አለ። ማሰሪያ መርዝን አያግድም፣ ግን ባለቤት እንዳለው ያየ ሰው ይጠራችኋል። ዋናው መከላከያ የተዘጋ በር ነው። ልጆቹን በር መዝጋት አስተምሯቸው፤ በእኛ ቤት በር ከፍቶ የሄደ ልጅ ለሦስት ቀን ግቢ ያጥባል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንሸራሸር ትጀምራላችሁ። ውሻን በገመድ ይዞ የሚሄድ ጎልማሳ እዚህ ያስቃል፤ ልጆች ይከተላሉ፣ አንዳንዱም «ወዴት ነው የሚወስዳችሁ?» ብሎ ውሻውን ሳይሆን እናንተን ያያል። ሳቁላቸው። ማለዳ ጥሩ ነው፣ ግን ነግቶ። ሰኞ ቀን ደሴ ላይ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወስዱትን መንገዶች ተዉ፤ በግ እየተነዳ ይመጣል፣ ውሻ ደግሞ በግ ሲሮጥ ካየ ያስተማራችሁትን ሁሉ ይረሳል። የተበተነውን መንጋ የምትሰበስቡት፣ እግሩ የተሰበረውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የምግቡ ነገር። የታሸገ የውሻ ምግብ ላይ ተስፋ አትጣሉ። ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ሥጋና አጥንት ይገዛል፤ ከቂንጬ ወይም ከሩዝ ጋር ቀቅላችሁ ያለ ጨው ስጡት። የተረፈ የወጥ ፍትፍት አትስጡ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በዐረፋ፣ በፋሲካና በመስቀል ጎረቤት ሁሉ ስለሚያርድ «ይኼን ለውሻችሁ» ተብሎ ሳንባና ጉበት ይላክላችኋል። አመስግናችሁ ተቀበሉ፣ ግን ጥሬውን አትስጡ። በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታያላችሁ፤ ያንን የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ያበቅላል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችሁ እጅ፣ ከእጃቸው ወደ አፋቸው ይሄዳል። በሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። በደንብ ቀቅሉት ወይም ቅበሩት።

6. ንክሻ ከደረሰ

የእናንተ ውሻ ሰው ቢነክስ ወይም ልጃችሁን የመንደር ውሻ ቢነክሰው አሠራሩ አንድ ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰዓት እያያችሁ፣ ምክንያቱም 15 ደቂቃ ከምታስቡት ይረዝማል። ቅጠል፣ በርበሬ፣ ቅባት አይደረግበት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም፣ ቀጠሮውን ሁሉ ጨርሱ። «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» የሚል ምክር አትስሙ፤ በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፣ በቁጣ አይገደል።

ውሻችሁ ጎረቤት ከነከሰ ማስረጃውን ይዛችሁ እናንተው ቀድማችሁ ሂዱ፣ የሕክምናውንም ወጪ ሳትጠየቁ ክፈሉ። ሽማግሌ እስኪላክባችሁ አትጠብቁ።

7. ጎረቤት፣ አዛንና ቅሬ

ደሴና ኮምቦልቻ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግድግዳ ተደግፎ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ለሙስሊም ጎረቤታችሁ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰገድበትም፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ከቤት ውስጥ ሲያድር አይወድም። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ውሻው ጓሮ ይሁን፤ «አይነካም፣ ፈሪ ነው» ማለት መልስ አይደለም። ቡና የምታፈሉበት ምንጣፍና የውሻው ምንጣፍ በዓይን የሚለዩ ይሁኑ።

አንድ ነገር ማንም አልነገረንም ነበር። ዳማ የሱብሒ አዛን ሲሰማ አንገቷን ቀና አድርጋ አብራ ታላዝናለች። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ብዙ ውሻ እንዲህ ያደርጋል፣ ረጅም ድምፅ ሲሰማ ይመልሳል፤ ለጎረቤት ግን ደስ የሚል ነገር አይደለም። መፍትሔው መምታት አይደለም። ሌሊት ቤት ውስጥ፣ ከመንገዱ ራቅ ያለው ክፍል አሳድሯት፣ በሩን ዝጉ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ በዚያ ሰዓት አንዱ ወደ መስጊድ፣ ሌላው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዳሴ በጨለማ ያልፋል። በር ላይ የሚዘል ውሻ ካለ መንገድ ይቀይራሉ፣ ስማችሁም «የውሻዎቹ ቤት» ሆኖ ይቀራል። ርችትም ይቅርባችሁ፤ ከተሞቹ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ አልፈዋል፣ የፍንዳታ ድምፅ የሚያስደነግጠው ውሻን ብቻ አይደለም።

በገባችሁ ሳምንት ዳቦ ጋግራችሁ ወይም ቡና አፍልታችሁ ግራና ቀኙን ጥሩ። የቡናው ወሬ ላይ የውሻውን ነገር ራሳችሁ አንሱት፤ «ቢያስቸግራችሁ ንገሩን» በሉ። ከፊት ለፊታችን ያሉ እናት ሦስተኛው ስኒ ላይ «ልጄ፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ ግን ስትጮህ ሌባውም ጅቡም ይሸሻል፤ አንቺ ብቻ ወደ ዶሮዎቼ አትላኪብኝ» አሉኝ። ዶሮዎቹ ያሉበትን አጥር በዚያው ሳምንት በእኛ ወጪ አሠራን።

ከዚያ ቅሬ ግቡ። አዲስ አበባ እድር የምንለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ የሰፈሩ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ይቀብርበታል። የመግቢያ ክፍያውንና ወርኃዊ መዋጮውን ጠይቃችሁ ተመዝገቡ፣ ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሲጠሩ መገኘት አለ። ሰፈር ውስጥ ድንኳን በተተከለ ቀን ውሻውን ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ቆልፉት፣ ወይም ሌላ ሰፈር ያለ ወዳጅ ዘንድ አሳድሩት። ድስት ደጅ ይጣዳል፣ ሥጋ ይከተፋል፣ ሰው ይመላለሳል፤ እናንተም ድንኳኑ ውስጥ ስለምትሆኑ የሚጠብቀው የለም። ቁልፉን ከትልቁ ልጅ አትተዉ፣ ይዛችሁት ሂዱ።